የአዲስ አበባ መብራት የሚገባባቸው ከተሞች

አዲስ አበባ የምታበራው መብራት ከሩቅ ነው የሚመጣው። ከምዕራብና ከሰሜን የሚመጣው ደግሞ ዋና ከተማዋን ሳይረግጥ በፊት በሦስት ከተሞች ደጃፍ ያልፋል። ከፊንጫ ተነሥቶ በጌዶ በኩል የሚመጣው የ230 ኪሎ ቮልት መስመር ቡራዩ አጠገብ ገፈርሳ ሰብስቴሽን ላይ ያርፋል። ከግልገል ጊቤ 2 የሚወጣው የ400 ኪሎ ቮልት መስመር ሰበታ ይደርሳል። የጣና በለስ ኃይል በባሕር ዳርና በደብረ ማርቆስ አድርጎ፣ የዓባይን በረሃ ተሻግሮ ሱሉልታ ይገባል። የሕዳሴው ግድብ የ500 ኪሎ ቮልት መስመርም ቢሆን በዴዴሳ በኩል መጥቶ የሚያርፈው ሆለታ ነው፤ ከቡራዩ በአምቦ መንገድ ጥቂት እንደሄዱ።

ቡራዩ፣ ሰበታና ሱሉልታ ሦስቱም የሚገኙት በኦሮሚያ ክልል ነው። ከ2015 ዓ.ም. ወዲህ የሸገር ከተማ አካል ሆነዋል። በየጊዜው የአስተዳደር ስማቸው ቢለዋወጥም የሕዝባቸው ኑሮ አንድ ዓይነት መልክ አለው፦ የአዲስ አበባን የቤት ኪራይ መቋቋም አቅቶት የወጣ ሠራተኛ፣ ከገጠር ሥራ ፍለጋ የመጣ ወጣት፣ መሬቱ ከተማ የሆነበት ገበሬ ጎን ለጎን ይኖራሉ። ሰበታ የሜታ አቦ ቢራ፣ የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካዎችና የአበባ እርሻዎች ከተማ ናት። ወደ ጅቡቲ የሚወስደው የኤሌክትሪክ ባቡር ሐዲድም የሚጀምረው ከእርሷ ነው። ቡራዩ ከጋሞ የመጡ ሸማኔዎች በብዛት የሠፈሩባት ከተማ ስትሆን፣ ሱሉልታ ደግሞ ለአዲስ አበባ ወተትና ድርቆሽ ስታቀርብ የኖረች፣ አሁን የታሸገ ውኃ ፋብሪካዎች የበዙባት ናት።

ስለ ንጹሕ ኤሌክትሪክ ፍትሐዊነት ለመነጋገር ከእነዚህ ከተሞች የተሻለ ቦታ ያለ አይመስለኝም። ኢትዮጵያ ንጹሕ ኃይል በማመንጨት ረገድ ከዓለም ፊተኛ ረድፍ ላይ ናት። ኃይሉ ለማን፣ በምን ጥራት፣ በስንት ዋጋ እንደሚደርስ ግን የሚወሰነው በግድቦቹ አፋፍ ላይ አይደለም። የሚወሰነው በመጨረሻዎቹ ጥቂት ኪሎ ሜትሮችና በቆጣሪው ላይ ነው። እዚያ ላይ ብዙ አልተሠራም።

በሌላው ዓለም «ፍትሐዊ ሽግግር» ሲባል ወሬው በአብዛኛው ስለ ድንጋይ ከሰል ነው። እ.ኤ.አ. በ2021 በግላስጎው በተካሄደው የአየር ንብረት ጉባኤ ለደቡብ አፍሪካ 8.5 ቢሊዮን ዶላር ቃል ሲገባላት፣ ትልቁ ጭንቀት የምፑማላንጋ ግዛት የከሰል ሠራተኞችና ከተሞቻቸው ማዕድኑ ሲዘጋ ምን ይውጣቸዋል የሚል ነበር። እኛ የምንዘጋው የከሰል ማመንጫ የለንም። ከ90 በመቶ በላይ የሆነው ኤሌክትሪካችን ከውኃ የሚገኝ ነው፤ የቀረው ከነፋስና ከጥቂት ሌሎች ምንጮች ይመጣል። ስለዚህ የእኛ የፍትሕ ጥያቄ መልኩ ሌላ ነው። እዚህ የምንጠይቀው መሬቱን የሰጠው፣ መስመሩ በላዩ ያለፈው፣ ለሕዳሴው ግድብ ቦንድ የገዛው ሰው ከዚህ ሀብት ምን ደረሰው ብለን ነው።

በእነዚህ ከተሞች በብዛት የሚሰማው ቅሬታ «በላያችን አልፎ ለሌላው ያበራል» የሚል ነው። ባለሙያ ይህን ሲሰማ የሚሰጠው መልስ ትክክል ነው፦ 400 ሺህ ቮልት ወደ ማንም ቤት አይገባም። ኃይሉ በሰብስቴሽን ደረጃ በደረጃ ይቀንሳል፣ ወደ 15 ኪሎ ቮልት ወርዶ በየሠፈሩ ምሰሶ ላይ ይሄዳል፣ በሠፈሩ ትራንስፎርመር እንደገና ወርዶ በ380 እና በ220 ቮልት ወደ ቤት ይገባል። በብረት ማማ ሥር የሚኖር ሰው ከማማው ምንም ሊወስድ አይችልም። ቅሬታውን ግን ይህ መልስ አይዘጋውም። ሰብስቴሽኑ ከተማው ውስጥ ቆሞ ሳለ ከእርሱ ወደ ሠፈር የሚወጣው የማከፋፈያ መስመር (ፊደር) ለምን ቀጭንና ረጅም ሆነ? ትራንስፎርመሩ ለምን ከሃያ ዓመት በፊት በነበረው የሠፈር ስፋት ተለክቶ ቀረ? በኢትዮጵያ ከተሞች ዳርቻ ስንት ሰው በአንድ ትራንስፎርመር ላይ እንደተንጠለጠለ የሚያውቅ፣ መብራቱ ሲሄድ ከሰዓታት ይልቅ ቀናት የሚቆይበትን ምክንያት መገመት አያቅተውም።

የመዋዕለ ንዋዩን ታሪክ ብናይ መልሱ ይገኛል። ቆቃ በ1952 ዓ.ም. በ43 ሜጋ ዋት ጀመረ። ፊንጫ በ1960ዎቹ አጋማሽ ተከተለ። ከዚያ በኋላ የመጣው ፍጥነት የሚያስደንቅ ነው፦ ግልገል ጊቤ 1 በ1996 ዓ.ም. 184 ሜጋ ዋት፤ በ2002 ዓ.ም. ብቻ ተከዜ 300፣ ጊቤ 2 ደግሞ 420፣ ጣና በለስ 460፤ በ2009 ዓ.ም. ጊቤ 3 ከ1,870 ሜጋ ዋት ጋር፤ በጳጉሜን 4 ቀን 2017 ዓ.ም. የተመረቀው የሕዳሴ ግድብ 5,150። ግድብ ስም አለው፤ የመሠረት ድንጋይ ይጣልለታል፣ ሪባን ይቆረጥለታል፣ አበዳሪም ሆነ ሕዝብ ገንዘቡን ሲሰጥ የሚያየው ነገር አለ። ከገፈርሳ ወደ አንድ የቡራዩ ቀበሌ የሚዘረጋ የ15 ኪሎ ቮልት ፊደር ስም የለውም። እርሱ ተበጥሶ ሲወድቅ የሚያውቀው የሠፈሩ ሰው ብቻ ነው።

በዚህ ላይ የተቋማቱ አከፋፈል ተጨመረ። በ2006 ዓ.ም. የኢትዮጵያ ኤሌክትሪክ ኃይል ኮርፖሬሽን ለሁለት ሲከፈል፣ የኢትዮጵያ ኤሌክትሪክ ኃይል ግድቡን፣ ከፍተኛ ተሸካሚ መስመሩንና የውጭ ሽያጩን ያዘ፤ የኢትዮጵያ ኤሌክትሪክ አገልግሎት ደግሞ ማከፋፈያውን፣ ቆጣሪውንና የደንበኛውን ጩኸት ወረሰ። ለጅቡቲ፣ ለሱዳንና ከኅዳር 2015 ዓ.ም. ወዲህ ለኬንያ የሚሸጠው ኃይል ዶላር የሚያመጣው ለመጀመሪያው ነው። ሁለተኛው የሚሰበስበው ብር ነው፤ የሚገዛው ትራንስፎርመር፣ ቆጣሪና መለዋወጫ ግን በአብዛኛው የውጭ ምንዛሬ ይጠይቃል። ዶላር የሚያገኘው ክንድ ዶላር ከሚያስፈልገው ክንድ ጋር ሳይገናኝ ዓመታት አለፉ። የሰበታ ነዋሪ አምፖሉ ሲደበዝዝ የሚያየው የዚህን አከፋፈል ውጤት ነው።

የኤሌክትሪክን ጥራት የምለካው በምጣድ ነው። ምክንያቱም የኢትዮጵያን ቤት ከጭስ የሚያወጣው አምፖል አይደለም፤ በአገራችን ከ10 አባወራ 9 ያህሉ አሁንም የሚያበስለው በእንጨት፣ በኩበትና በከሰል ነው። የኤሌክትሪክ ምጣድ ከ3 እስከ 4 ኪሎ ዋት ይወስዳል። ይህ ለአንድ ቤት ትልቅ ጭነት ነው። በአንድ ትራንስፎርመር ሥር ያሉ ብዙ ቤቶች ማታ በአንድ ሰዓት ምጣድ ሲጥዱ ቮልቴጁ ይወርዳል፣ ከመስመሩ ጫፍ ያለው ቤት ደግሞ ከሁሉ በላይ ይጎዳል። ከ220 ቮልት ወደ 160 ሲወርድ ምጣዱ የሚሰጠው ሙቀት ወደ ግማሽ ይጠጋል፤ ኃይል የሚቀንሰው በቮልቴጁ ልክ ሳይሆን በካሬው ነውና። አምፖሉ ይበራል፣ ቴሌቪዥኑ ይሠራል፣ እንጀራው ግን ዓይን ሳያወጣ ይደርቃል። ስለዚህ በየዳርቻው ሠፈር ያሉ እናቶች ሰው ሲተኛ፣ ከእኩለ ሌሊት በኋላ ተነሥተው ይጋግራሉ፤ ወይም ወደ እንጨቱ ይመለሳሉ። በመንግሥት ሪፖርት ውስጥ ይህ ቤት «ኤሌክትሪክ ያገኘ» ተብሎ ተቆጥሯል።

እ.ኤ.አ. በ2018 የዓለም ባንክ ያሳተመው ጥናት በአገሪቱ 57 በመቶ የሚሆኑ ቤተሰቦች ኤሌክትሪክ እንደሚያገኙ፣ 33 በመቶው ከዋናው መስመር፣ 24 በመቶው በአብዛኛው ከትንንሽ ፀሐይ ኃይል መሣሪያዎች እንደሆነ አሳይቶ ነበር። በከተማ ያልደረሰው ቤት ጥቂት ነው። በመጋቢት 2011 ዓ.ም. ይፋ የሆነው ሁለተኛው ብሔራዊ የኤሌክትሪክ ተደራሽነት መርሐ ግብርም ጭንቀቱ በቁጥር ነበር፦ በ2025 እ.ኤ.አ. ለሁሉም መድረስ፣ 65 በመቶውን በመስመር፣ 35 በመቶውን ያለ መስመር። ግቡ አልተሳካም። በዚህ ዓይነት ቆጠራ ቡራዩ ያለቀ ሥራ ናት፤ የተደረሰባት፣ የተመዘገበች። ሩቅ ገጠር መብራት የለውም፣ መሐል ከተማ ደህና አለው፣ በመሐል ያለው ዳርቻ ግን ለገጠሩ መርሐ ግብር ከተማ ሆኖ፣ ለከተማው ማሻሻያ ደግሞ ዳር ሆኖ ይቀራል።

ከሁሉ በላይ የሚያሳስበኝ ግን የጋራ ቆጣሪ ጉዳይ ነው። ብዙ ሰው እንደ ትንሽ የግቢ ጠብ ያየዋል፤ በእኔ ግምት በእነዚህ ከተሞች ያለው ትልቁ የኃይል ኢፍትሐዊነት እዚህ ላይ ነው።

አሠራሩ እንዲህ ነው። ለቤት ቆጣሪ ለማውጣት የይዞታ ማረጋገጫ ይጠየቃል። በሰበታ፣ በቡራዩና በሱሉልታ ደግሞ ያለ ካርታ የተሠራ፣ ከገበሬ በውል የተገዛ፣ ጨረቃ ቤት የሚባለው ብዙ ነው። ካርታ የሌለው ሰው ከጎረቤት መስመር ይቀጥላል። ተከራይ ደግሞ፣ ካርታ ባለው ግቢም ቢሆን፣ የራሱ ቆጣሪ የለውም፤ በአንድ ግቢ አራትና አምስት ቤተሰብ በአንድ ቆጣሪ ይጠቀማል። በኅዳር 2011 ዓ.ም. የጀመረው የአራት ዓመት የታሪፍ ማስተካከያ ሲወጣ መንግሥት ለድሃው ያቆመው ከለላ አንድ ነበር፦ በወር እስከ 50 ኪሎ ዋት ሰዓት የሚጠቀም ቤት ዋጋው ሳይነካ በ0.273 ብር እንዲቀጥል። ከዚያ በላይ እርከኑ ይወጣል፤ ማስተካከያው ሲጠናቀቅ ከ101 እስከ 200 ኪሎ ዋት ሰዓት ያለው እርከን 1.625 ብር ደረሰ።

አሁን አራት ቤተሰብ በአንድ ቆጣሪ እናስብ፤ እያንዳንዱ በወር 40 ኪሎ ዋት ሰዓት ብቻ የሚጠቀም። ለየብቻቸው ቢቆጠሩ አራቱም በከለላው ሥር ናቸው፤ በዚያ ታሪፍ የእያንዳንዱ የፍጆታ ሒሳብ 11 ብር አይሞላም። አብረው ሲቆጠሩ ግን ቆጣሪው 160 ያነብባል፤ የሚደርስበት እርከን ዋጋ የከለላው ስድስት እጥፍ ያህል ነው። ለድሃ የተሠራው ከለላ ድሃውን አያገኘውም። የሚያገኘው ማን ነው? የራሱ ቆጣሪ ያለው፣ በቤቱ ጥቂት ሰው የሚኖር፣ ምናልባትም ቀን ቀን የማይኖርበት ባለ ካርታ ነው። ከመስከረም 2017 ዓ.ም. ጀምሮ ታሪፉ በየሦስት ወሩ ለአራት ዓመት እየጨመረ እንዲሄድ ተወስኗል። ጭማሪው ራሱ ሊያስፈልግ ይችላል፤ ለረጅም ዘመን ከወጪ በታች ሲሸጥ የኖረ ተቋም ትራንስፎርመር መግዣ አያገኝም። እርከኑ ግን አሁንም የሚሰላው በቆጣሪ እንጂ በቤተሰብ አይደለም፤ ስለዚህ እያንዳንዱ ጭማሪ የጋራ ቆጣሪ ተጠቃሚውን በእጥፍ ይጫነዋል።

ቀጥሎ የሚመጣውን ተከራይ የሆነ ሁሉ ያውቀዋል። አከራይ ሒሳቡ ሲንርበት በአምፖል ቁጥር ማስከፈል ይጀምራል። ቀጥሎ ይከለክላል፦ ምጣድ አይቻልም፣ ስቶቭ አይቻልም፣ ካውያ በሳምንት አንዴ። አከራዩን ክፉ ነው ማለት አይቻልም፤ እርሱም በታሪፉ የተያዘ ነው። በውጤቱ ግን የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ ውስጥ የምትሠራ ወጣት ቀኑን በጊቤ ኃይል በሚሽከረከር ማሽን ፊት ውላ፣ ማታ በጠባብ ክፍሏ ከሰል ታያይዛለች። ያ ከሰል በአየር ንብረት ሒሳብ ውስጥ የደን ምንጣሮ ተብሎ ሲመዘገብ፣ ጥፋቱ የእርሷ ልማድ ተደርጎ ይወሰዳል። ልማድ አይደለም፤ ክልክል ስለሆነባት ነው።

የወሰኑ ጉዳይ ይህን ሁሉ ያወሳስበዋል። እነዚህ ከተሞች ከአዲስ አበባ ጋር በመንገድ፣ በሥራ፣ በገበያ አንድ ናቸው፤ በአስተዳደር ግን ሌላ ናቸው፤ እንዲሆኑም ብዙ ደም ፈስሷል። አዲስ አበባንና በዙሪያዋ ያሉ የኦሮሚያ ከተሞችን ያቀናጃል የተባለው ማስተር ፕላን ተቃውሞ ቀስቅሶ በጥር 2008 ዓ.ም. ቀረ። የተቃውሞው ሥር የመሬት ነጠቃ ፍርሃት ነበር፤ ፍርሃቱም መሠረት ነበረው። ፕላኑ ሲቀር ግን አብሮ የማቀድ አስፈላጊነት አልቀረም፤ ኤሌክትሪክ የክልል ወሰን አያውቅምና። ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 49 ንዑስ አንቀጽ 5 የኦሮሚያ ክልል በአዲስ አበባ ላይ ያለው ልዩ ጥቅም፣ አገልግሎት አቅርቦትንና የተፈጥሮ ሀብት አጠቃቀምን ጨምሮ፣ እንደሚጠበቅ ይናገራል፤ ዝርዝሩ በሕግ ይወሰናል ይላል። ረቂቁ በሰኔ 2009 ዓ.ም. ለተወካዮች ምክር ቤት ቀርቦ ነበር፤ ሕግ ሳይሆን ቀረ። ክርክሩም በስምና በባለቤትነት ዙሪያ ተጠምዶ፣ ስለ ውኃ ቧንቧና ስለ ፊደር መነጋገር ሳይጀመር ተዳፈነ።

በውኃ ያየነው ታሪክ በኤሌክትሪክ እንዳይደገም መጠንቀቅ አለብን። የገፈርሳ ግድብ ቡራዩ ላይ ነው፤ ለገዳዲም ከአዲስ አበባ ውጭ ነው። የዋና ከተማዋን ቧንቧ ለአሥርተ ዓመታት ሲሞሉ፣ በግድቦቹ ዙሪያ ያለ ሠፈር በጀሪካን ውኃ ሲቀዳ ኖሯል። ያ ቂም ዛሬም አለ፤ በፖለቲካ ንግግር ሁሉ ይነሣል። ኤሌክትሪክ ከውኃ የሚለየው በአንድ ነገር ነው፦ ውኃው ውስን ነው፣ ለአንዱ ሲሰጥ ከሌላው ይቀንሳል፤ ለሰብስቴሽን ጎረቤት ደህና ፊደር መዘርጋት ግን ከአዲስ አበባ ነዋሪ የሚቀንሰው ነገር እዚህ ግባ የሚባል አይደለም። በቀላሉ ሊፈታ የሚችል በደል ሳይፈታ መቅረቱ የበለጠ ያንገበግባል።

ሥራ ላይ የሚያደርሰውም ጉዳት አለ። ትልልቅ ፋብሪካዎች የራሳቸው መስመር ያስገባሉ፣ ጀነሬተርም አላቸው። ወፍጮ ቤት፣ ብየዳ ቤት፣ እንጨት ቤት ግን በሠፈሩ ሦስት ፌዝ ላይ የተንጠለጠለ ነው፤ አንዱ ፌዝ ሲሄድ ሥራው ይቆማል፣ ሞተሩም ይቃጠላል። በሱሉልታ ወተት አምራች ቤት መብራት ሌሊቱን ጠፍቶ ካደረ የጠዋቱ ወተት ይበላሻል። በግንቦት 2011 ዓ.ም. የጊቤ 3 ውኃ ቀንሶ 476 ሜጋ ዋት ጉድለት ሲታወጅና ፈረቃ ሲገባ መላው አገር ለሁለት ወር ያህል ያየውን መከራ፣ እነዚህ ሰዎች ያለ አዋጅና ያለ ፕሮግራም ያዩታል። የዚያን ጊዜ ፈረቃ ቢያንስ ሰዓቱ ይታወቅ ነበር።

ወረፋውን ማን ቀድሞ እንደያዘ ማየትም ያስፈልጋል። ከ2014 ዓ.ም. ወዲህ ቢትኮይን የሚያመርቱ የውጭ ኩባንያዎች፣ በእኛ አገር ዳታ ማይኒንግ በሚባለው ሥራ፣ ከሰብስቴሽኖች አጠገብ ሠፍረው ብዙ መቶ ሜጋ ዋት መውሰድ ጀመሩ። በ2016 ዓ.ም. ይከፍሉ የነበረው በኪሎ ዋት ሰዓት 3.14 የአሜሪካ ሳንቲም ነበር። በዛሬው ምንዛሬ ይህ ከብዙ የቤት ደንበኛ ዋጋ በላይ ነው፤ «በርካሽ ተሸጠ» የሚለው ወቀሳ ስለዚህ ሙሉ በሙሉ ትክክል አይደለም። ወደ ሠፈር የሚያደርሰው መስመር ስለሌለ ተርፎ የሚባክን ኃይል ነበር፤ መሸጡ ጥፋት አልነበረም። ሆኖም የኢትዮጵያ ኤሌክትሪክ ኃይል በ2017 ዓ.ም. አቅም ስለሞላ ለአዲስ ዳታ ማይኒንግ ኃይል እንደማይሰጥ እስኪናገር ድረስ በተሰበሰበው ዶላር ስንት ትራንስፎርመር ተተከለ? የሕዝብ ድርጅት ነውና ሕዝብ ይህን በቁጥር ሊነገረው ይገባል። ኃይል ተርፎኛል ብሎ ለኮምፒውተር የሸጠ አገር፣ ምጣድ ላልሞቀላት እናት ኃይል የለም ብሎ ሊመልስ አይችልም።

የኤሌክትሪክ መኪናውም እንዲሁ። በጥር 2016 ዓ.ም. ነዳጅ የሚጠቀሙ የቤት መኪናዎች እንዳይገቡ መከልከሉ በዓለም የሚጠቀስ ደፋር እርምጃ ነው፤ መንግሥት እንደሚለው ከ100 ሺህ በላይ የኤሌክትሪክ መኪናዎች ገብተዋል። ቻርጅ ማድረጊያው በአብዛኛው አዲስ አበባ ነው፤ መኪናውን የሚገዛውም ጥሩ መስመር ባለበት ሠፈር የሚኖር ነው። አንድ መኪና ሌሊቱን ሲሞላ የሚወስደው ኃይል ከአንድ ምጣድ አያንስም። የቱን እናስቀድም ብለን ሳንነጋገር ገበያው ራሱ ቅደም ተከተሉን ወስኖታል።

ሦስቱን ከተሞች ብቻ ነጥሎ ማየት ግን ሌላ በደል ይሆናል፤ ከእነርሱ ጀርባ መስመሩ የተነሣባቸው ቦታዎች አሉ። የፊንጫ ውኃ የግጦሽና የእርሻ መሬታቸውን የዋጠባቸው የሆሮ ጉዱሩ ገበሬዎች ልጆች አሉ። ለሕዳሴው ግድብ ከመንደራቸው የተነሡ የመተከል ጉሙዞች አሉ። ማመንጫው ውኃውን ሲወስድበት የጢስ ዓባይ ፏፏቴ ለብዙ ዓመታት ነጥፎ፣ ከጎብኚ የሚገኘው ገቢ አብሮ የነጠፈባቸው የአማራ ገበሬዎች አሉ። ሌሎች አገሮች ለእንዲህ ዓይነቱ ጉዳይ ሕግ አውጥተዋል። ኖርዌይ ከ1917 እ.ኤ.አ. ጀምሮ፣ ወንዛቸው ኃይል የሚያመነጭባቸው ወረዳዎች ከሚመነጨው እስከ 10 በመቶ የሚደርስ ኃይል በዝቅተኛ ዋጋ የማግኘት መብት እንዲኖራቸው ደንግጋለች። ሕንድ ውስጥ ግድቡ ያለበት ግዛት 12 በመቶውን ኃይል በነጻ ያገኛል፤ እ.ኤ.አ. ከ2008 ወዲህ ደግሞ ተጨማሪ 1 በመቶ ለአካባቢው ልማት ይመደባል። የእኛ ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 98 ከትልልቅ ማዕድን ሥራዎችና ከነዳጅ የሚገኝ ሮያሊቲ በፌዴራልና በክልል የጋራ እንዲሆን ደንግጓል። ለውኃ ኃይል እንዲህ ያለ ድንጋጌ የለንም። ወርቅ የሚወጣበት ክልል ድርሻ ሲኖረው፣ ዶላር የሚያመጣ ወንዝ ያለበት የለውም።

ይባስ ብሎ በ2016 ዓ.ም. የጸደቀው የመሬት ማስለቀቅና የካሳ አዋጅ ማሻሻያ ካሳ የመክፈሉን ኃላፊነት ወደ ክልሎች አዙሯል። ምክንያቱ ይገባኛል፤ የፌዴራል ፕሮጀክቶች በተጋነነ የካሳ ግምት ሲንገላቱ ኖረዋል፣ የሚከፍለው ሌላ ሲሆን ገማቹ እጁ ይፈታል። በኤሌክትሪክ መስመር ላይ ግን ውጤቱ ግራ ነው፦ ማማው ለሚቆምበት መሬት ከፋዩ ኦሮሚያ ይሆናል፣ ኃይሉን ሸጦ ገቢውን የሚያስገባው የፌዴራሉ ድርጅት፣ የሚበራው ደግሞ በአመዛኙ አዲስ አበባ። በማማው መስመር ግራና ቀኝ ቤት መሥራት የማይፈቀድለት የሱሉልታ ገበሬ የሚጠብቀው ካሳ ከክልሉ በጀት ትምህርት ቤትና ጤና ጣቢያ ጋር ይሻማል።

መደረግ ያለበት ብዙ ነው፤ ለእኔ የሚቀድመው ቆጣሪውን ከካርታው መለየት ነው። የመብራት ቆጣሪ የመሬት ባለቤትነት ማረጋገጫ አይደለም፤ እንዳይሆንም በውሉ ላይ በግልጽ መጻፍ ይቻላል። ቆጣሪ መስጠት ሕገ ወጥ ግንባታን ያበረታታል የሚሉ አስተዳዳሪዎች አሉ፤ ሥጋታቸው ባዶ አይደለም። ነገር ግን ቤቱ ቆሟል፣ ሰው ይኖርበታል፣ መብራቱንም ከጎረቤት በቀጭን ሽቦ ወስዷል። ምርጫው በመብራትና በጨለማ መካከል አይደለም፤ ደኅንነቱ በተጠበቀና ቤት በሚያቃጥል መስመር መካከል ነው። ነዋሪው ራሱ ገንዘብ አዋጥቶ ምሰሶና ሽቦ የገዛበት ሠፈር ብዙ ነው፤ ለመክፈል ፈቃደኛ ያልሆነ ሕዝብ አይደለም። ተከራዩንም በተመለከተ፣ በአንድ ቆጣሪ ሥር ያሉ ቤተሰቦች ቁጥር በወረዳው ማረጋገጫ ተመዝግቦ የ50 ኪሎ ዋት ሰዓቱ ከለላ በዚያው ልክ ይባዛ። ካርድ ቆጣሪ ሳይቀር በስልክ የሚሞላበት ዘመን ላይ ይህን ማስላት ከባድ አይደለም። ማጭበርበር ይኖራል፤ ዛሬ ባለው አሠራር ከሚጎዳው ሰው ብዛት አንጻር ግን የሚከፈል ዋጋ ነው።

ሌላው መረጃ ነው። የኢትዮጵያ ኤሌክትሪክ አገልግሎት የትኛው ፊደር በወር ስንት ጊዜ እንደተቋረጠ፣ ስንት ሰዓት እንደቆየ ቢያትም፣ የቡራዩን ከቦሌ፣ የሰበታን ከሳርቤት አጠገብ አስቀምጦ ማየት ይቻል ነበር። ዛሬ ክርክሩ የሚካሄደው በስሜት ነው፤ አንዱ እበደላለሁ ይላል፣ ሌላው ሁሉም ጋ ይጠፋል ይላል፤ የሚዳኝ ቁጥር የለም። ከውጭ ሽያጭና ከዳታ ማይኒንግ ከሚገኘው ዶላር የተወሰነው፣ በሕግ በተቀመጠ መቶኛ፣ መጀመሪያ ማመንጫና ሰብስቴሽን ላሉባቸው ወረዳዎች ማከፋፈያ መስመር እንዲውል ቢደረግ ደግሞ በ2006 ዓ.ም. የተለያዩት ሁለት ክንዶች እንደገና ይገናኛሉ።

ጊዜው ተቀጥሯል። በመስከረም 2017 ዓ.ም. የጀመረው የታሪፍ ማስተካከያ የሚያበቃው በ2020 ዓ.ም. ነው። በዚያው ዓመት፣ እ.ኤ.አ. በ2027፣ አዲስ አበባ 32ኛውን የዓለም የአየር ንብረት ጉባኤ ታስተናግዳለች፤ ከ90 በመቶ በላይ ንጹሕ ኤሌክትሪክ ያላት አገር ሆና ትቀርባለች፣ የሚገባትም ነው። ቀጣዩን ታሪፍ የሚመረምረው የነዳጅና ኢነርጂ ባለሥልጣን ጥናቱን የሚጀምረው ከዚያ በፊት ስለሆነ፣ የጋራ ቆጣሪ ተጠቃሚዎችን መቁጠር ያለበት አሁን ነው፤ ለመነሻም ሰብስቴሽኖቹ ያሉባቸውን የሰበታ፣ የገፈርሳና የሱሉልታ ቀበሌዎች ቢይዝ ከአንድ ክረምት በላይ አይፈጅበትም።